ለማን ነው “ለበጎ” የሆነው?

ሁሩሙ ላይ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለዚህ አገር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ እዚሁ ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ፤ ሂካ ተባለ። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ለሌላው እየተሸጠ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ፤ እስከዚያ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ እንዳለፈ ተጽፏል። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና እምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ተጠመቀ። ሁላችን የምናውቀው ኦነሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ነው። ስዊድን ሄዶ ተማረ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ፤ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ ማስተማር ጀመረ፤ በ1931 እዚያው አረፈ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው እዚህ መካከል ያለ አይመስለኝም። ሲነገር ከአድማጩ አፍ የሚወጣውንም ታውቁታላችሁ። “ለበጎ ነው!” ይላል አንዱ። “እግዚአብሔር ሲያዘጋጀው ነው እንጂ!” ይላል ሌላው። “ባይሸጥ ኖሮ እዚሁ ከብት ሲጠብቅ ይቀር ነበር” የሚልም አይጠፋም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። መከራ የሰማ ልብ ማረፊያ ይፈልጋል፤ ማረፊያውም እዚሁ ቅርብ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ ግን የመጣሁት ይህን አነጋገር ልቃወም ነው። የምቃወመውም ስለ አንድ የሞተ ሰው ታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም። ዛሬ፣ በዚሁ ወረዳና በአጎራባቾቹ፣ ይኸው አነጋገር ልጅ እያስወሰደ ስለሆነ ነው። እንዴት እንደሆነ እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ሌላ ሰው ላንሣ። የለንደን ኦሊምፒክን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2012 ማታ፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፤ ዓይናችን ቀነኒሳ ላይ ነበር። ቀነኒሳ አራተኛ ወጣ፤ ወንድሙ ታሪኩ ነሐስ አገኘ፤ ወርቁን ለብሪታንያ የሚሮጠው ሞ ፋራህ ወሰደው። ከሳምንት በኋላ 5 ሺሁንም ደጀን ገብረመስቀልን ቀድሞ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ሁለቱንም ደገማቸው። ስንቶቻችን ተናደንበታል!

ከለንደን አሥር ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2022፣ ይኸው ሰው በቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀርቦ እውነተኛ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን መሆኑን ተናገረ። እሱም አራት ዓመት ሲሆነው ነው አባቱ በሶማሊያ ግጭት የተገደለው። ከእናቱ ተለይቶ ጅቡቲ ዘመዶች ዘንድ ሳለ፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ አይቷት የማያውቃት ሴት “ዘመዶችህ ጋ ነው የምንሄደው” ብላ በሌላ ልጅ ስም በወጣ ሰነድ እንግሊዝ አገር አስገባችው። “ከእንግዲህ ስምህ መሐመድ ነው” አለችው። ልጁ የዘመዶቹ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ነበር። ቤት እንደገቡ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ፣ ዓይኑ እያየ ቀዳደደችና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። ጉድ ውስጥ እንደገባ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ምግብ ለመብላት ከፈለገ የሰው ልጆች መንከባከብና የቤት ሥራ መሥራት ነበረበት። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ያለቅስ እንደነበር ተናግሯል። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርት ቤት ገባ፤ ሲቆይም ለስፖርት አስተማሪው ለአለን ዋትኪንሰን እውነቱን ነገረው፤ ከዚያ ቤትም ወጣ።

ሕዝቡ ምን አለ? ብዙው አዘነ፤ አደነቀውም። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። “ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዋሸ?” ተባለ። በእርግጥም ከዚያ በፊት ይናገር የነበረው ሌላ ታሪክ ነው፤ እንግሊዝ አገር የመጣው ከአባቱ ጋር ሊኖር እንደሆነ ነበር የሚያወራው። ጋዜጠኛውም ጠበቃውም “ዜግነቱ ሊነጠቅ ይችላል ወይ?” ብለው ጠየቁ፤ በሐሰት ስም የተገኘ ዜግነት በሕጋቸው ሊሰረዝ ይችላልና። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ምንም እርምጃ እንደማይወስድበት ወዲያው አስታወቀ። መልካም አደረገ። ነገር ግን ያው መንግሥት በዚያው ዓመት በጀልባ ባሕር ተሻግረው የሚገቡ ስደተኞችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ አውሮፕላን እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር። አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በአንድ ቀን ታመነ። ወርቅ የሌለው ሁሴን ቢሆንስ? አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ስሙ ከሰነዱ ጋር ሳይገጥም፣ እንባውን ብቻ ይዞ ቢሮ ቢቀርብስ? ማን ይሰማዋል?

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰውየው ለዓመታት ዝም ያለው ስሙን የሰጡት ሌሎች፣ ታሪኩን ያስጠኑት ሌሎች ሆነው ሳለ፣ ጥያቄው የተወረወረው ወደ እሱ ነው። በልጅነቱ የተወሰደ ሰው ውሸት መናገር የሚማረው ከወሰደው ሰው ነው፤ “ማን ነህ ቢሉህ እንዲህ በል” ተብሎ ነው ድንበር የሚሻገረው። ሲያድግ ደግሞ ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ፣ የሚያከብረው ሕዝብ አለ። እውነቱን ቢናገር ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ “ለምን ዛሬ ተናገርክ?” ብሎ መጠየቅ፣ ለብዙ ዓመት የተሸከመውን ፍርሃት ትክክል ነበር ብሎ እንደ መፍረድ ነው።

እኛስ? እኛ ዘንድ እኮ እንዲያውም የባሰ ነው። ባርነት በአገራችን በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ያሉ አያቶች ወላጆቻቸው የኖሩበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አንዱ ከባድ ጥያቄ ይኸው የባሪያ ንግድ ነበር። ባርነቱ በሕግ ከተሻረ በኋላ ግን ኀፍረቱ ማን ቤት ቀረ? የሸጠው ሰው ልጆች መሬታቸውን ይዘው፣ ስማቸውን ይዘው ቀጠሉ። የተሸጠው ሰው ልጆች ግን ለጋብቻ ሲታጩ “ዘራቸው ይጣራ” ይባላል፤ ስድቡም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልጠፋም። በዚህ አገር አንድ የታወቀ ዘፋኝ ወይም ነጋዴ ወይም ባለሥልጣን ተነሥቶ “አያቴ ተሸጣ የመጣች ናት” ቢል ምን እንደሚከተለው አስቡት። እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ታሪክ በልባቸው ቆልፈው የተቀመጡ አይጠፉም ብዬ አስባለሁ። አላስነሣችሁም፤ ግን ኀፍረቱ የእናንተ እንዳልሆነ በዚህ በሕዝብ ፊት ልናገር እወዳለሁ።

ዝምታው የት ድረስ እንደሚሄድ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ከውስጣቸው ከወጡት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች በኤደን በኩል አልፈው በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። እሷም ወላጆቿ ሞተውባት የቀረች ልጅ ነበረች። ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ እዚያው አገባች፤ ወለደች። ስታረጅ አንዳንድ ጊዜ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ለብቻዋ ትናገር ነበር። የልጅ ልጆቿ “ምን እያለች ነው?” ብለው ሲጠይቁ እናታቸው ከእግዚአብሔር ጋር እያወራች እንደሆነ ነግራ ዝም ታሰኛቸዋለች። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ በአፓርታይድ ዘመን እንደ ማንዴላ ሮበን ደሴት ላይ የታሰረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች የተከራከረ ምሁር። አያቱ ከኢትዮጵያ ተሸጣ የመጣች ኦሮሞ መሆኗን ያወቀው በወጣትነቱ ነው። አፋን ኦሮሞ ነበር ስትናገር የነበረው፤ የሚመልስላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚህ ጋር ሌላዋን ሴት ላንሣ፤ ስሟን የምናነሣው ሁልጊዜ ከኦነሲሞስ በኋላ ነው፤ ቀድማ ብትነሣ አይከፋኝም። አስቴር ጋኖ ነፃ ሆና ነው የተወለደችው። የሊሙ እናሪያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት፤ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ገበያ ስትጫን በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ኤርትራ አወረዷት፤ እሷም እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ተቀምጣ ምን አደረገች? በልጅነቷ የሰማችውን ሁሉ ከጭንቅላቷ እያወጣች ጻፈች። እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን ሰበሰበች፤ ቁጥራቸው 500 ደርሷል። ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ ውስጥ ታትመዋል። የቃላት ስብስብም አዘጋጅታለች፤ ገና በልጅነቱ ከቋንቋው የተነጠለው ኦነሲሞስ ለትርጉም ሥራው የተደገፈው በእሷ እውቀት ነው። አስቡት እስቲ፤ ስሟን፣ ቤቷን፣ እናቷን የነጠቋት ልጅ “እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ” የምትባባልበትን ምሽት ግን አላስነጠቀችም። ይህ የአስቴር ሥራ ነው፤ የፈንጋዩ ስጦታ አይደለም።

አሁን ወደ “ለበጎ ነው” ልመለስ። ከእናንተ መካከል በልቡ “ዮሴፍስ?” ያለ እንዳለ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያውቀው ታሪክ ነውና፤ በኦሪት ዘፍጥረትም አለ፣ በቁርኣንም ሱረቱ ዩሱፍ አለ። ወንድሞቹ የሸጡት ልጅ በግብፅ ትልቅ ሰው ሆነ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ነገሩን ለመልካም እንዳደረገው የተናገረው ራሱ ዮሴፍ ነው። ግን ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው አስተውሉ። የተናገረው የተሸጠው ሰው ነው። የተናገረው ለሸጡት ወንድሞቹ ነው፤ እነርሱ ፊቱ ወድቀው ጥፋታቸውን ካመኑ በኋላ ነው። በዚያው ንግግሩም ክፉ እንዳሰቡበት በግልጽ ነግሯቸዋል፤ አልደበቀላቸውም። ከዚያ በፊት በእስር ቤት ሳለ ከአገሩ ተሰርቆ እንደመጣ ተናግሯል፤ “ለበጎ ነው” አላለም። ወንድሞቹን ባያቸው ጊዜም ፊቱን መልሶ አልቅሷል። አባቱ ያዕቆብም ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት የሞተ ልጅ ኀዘን ነበር የሚያዝነው፤ ማንም ጎረቤት መጥቶ “አይዞህ፣ ለበጎ ነው” ቢለው ምን ይመልስለት ነበር?

ይህ ቃል የባለቤቱ ነው። ዮሴፍ ቢለው ያምርበታል፤ ሞ ፋራህም ሯጭ በመሆኑ ቢያመሰግን መብቱ ነው፤ ኦነሲሞስም በሕይወቱ የእግዚአብሔርን እጅ አየሁ ቢል ማንም አይከለክለውም። እኛ ዳር ቆመን የምናየው ስንለው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሻጩን ከታሪኩ አስወጥተን እናሰናብተዋለን። የሁሩሙዋን እናት ጨርሶ እንረሳታለን። ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ተነጥቃ የቀረች ሴት እዚህ አፈር ላይ ኖራለች፤ ስለ ኦነሲሞስ በተወራ ቁጥር ስለ እሷ አንድ ቃል የሚናገር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለእሷም ለበጎ ነበር?

ሌላም ነገር እናደርጋለን። አንዱን ዓይተን ሌሎቹን እንሰውራለን። በኦነሲሞስ መንገድ ከዚህ አገር የተነዱት ልጆች ብዙ ናቸው፤ መጽሐፍ የተረጎመው አንድ ነው። በየበረሃው የቀሩት፣ ባሕር ላይ ያለቁት፣ በሰው አገር ያለ ስም የሞቱት “ለበጎ ነው” የሚላቸው የለም፤ ምክንያቱም የሚያውቃቸው የለም። የታወቀው ሰው መታወቁ የንግዱ ውጤት እንዳይመስላችሁ። ኦነሲሞስ በነቀምቴ እንኳ ያለ ተቃውሞ አልኖረም፤ በትምህርቱ ተከሶ፣ አቡነ ማቴዎስ እንዲባረር ወስነውበት፣ አፄ ምኒልክ እንዳያስተምር ከልክለው እንዲመለስ ፈቅደውለት፣ እ.ኤ.አ. በ1916 በልጅ ኢያሱ ፈቃድ ነው እንደገና ያስተማረው። እሱ በማስተማሩ ተከሰሰ፤ ልጅነቱን በሸጡት ላይ ግን ከሳሽ አልተነሣባቸውም።

አሁን ቃል ወደገባሁት ነገር ልምጣ። ዛሬ ፈንጋዩ በፈረስ አይመጣም። ደላላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ደላላ አይመስልም። የአገር ልጅ ነው፤ “ዘመድ ነኝ” የሚል ነው፤ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣች ጥሩ የለበሰች ሴት ናት። የምትሄደው ወደ ማን ቤት ነው? ከነገርኋችሁ ልጆች ሦስቱ፣ ሂካም፣ ሁሴንም፣ ቢሾም፣ አባት ወይም ወላጅ የሞተባቸው ነበሩ። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አባወራ የሞተበት ቤት፣ እናት የታመመችበት ቤት፣ ቡናው ያልያዘለት ቤት፣ ፈተና የወደቀች ልጅ ያለችበት ቤት ነው የሚመረጠው። ሌሎች ጎረቤቶች ለለቅሶ ሲመጡ እሷ ልጆቹን ትቆጥራለች።

ምን ብላ ታግባባለች? “ልጅሽ ከተማ ትማራለች። እኔ ጋ እንደ ልጄ ናት። እዚህ ብትቀር ምን ትሆናለች? ትለወጣለች፤ አንቺንም ትረዳሻለች። እገሊት እኮ ሄዳ ቤት ሠራች።” አዳምጡት! ይኸው እኛ ስለ ኦነሲሞስ የምንለው ነው። “ባይሸጥ ኖሮ ከብት ሲጠብቅ ይቀር ነበር” ማለት “እዚህ ብትቀር ምን ትሆናለች” ማለት ነው። ደላላ አዲስ ቃል አልፈጠረም፤ የእኛኑ ቃል ነው ይዞ የሚዞረው። በየለቅሶው፣ በየጸሎት ቤቱ፣ በየቡናው ላይ ያለማመድነውን ነው መልሶ የሚሸጥልን። እናቲቱም “እውነት ነው” ብላ የምትቀበለው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከሁላችን ስትሰማው ስለኖረች ነው።

ልጅቱ ከሄደች በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ትምህርቱ “በሚቀጥለው ዓመት” ይባላል። ደሞዟ “እኔ አስቀምጥልሻለሁ” ይባላል። ስልክ የሚደወለው አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ ነው። ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት፣ ከአዲስ አበባም ዕድሜያቸው በፓስፖርት ላይ ተጨምሮ ወደ ዐረብ አገር የሚያልፉ አሉ። የሌላ ልጅ ስም፣ የማይገጥም ዕድሜ፤ የሁሴን ሰነድ እኮ ይኸው ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። አገራችን የሰዎች ንግድን የሚከላከልና የሚቀጣ ሕግ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይባላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. የ2000 ፕሮቶኮል ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አንድ ትልቅ ነገር ይላል፦ ልጁን ለብዝበዛ ብሎ የወሰደ ወይም የተቀበለ ሰው፣ ባያታልልም ባያስገድድም ወንጀል ሠርቷል። “ራሷ ፈልጋ ነው የሄደችው” የሚል መልስ ለልጅ አይሠራም።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ከተማ ደርሳ ወይም ባሕር ተሻግራ የተመለሰች ልጅ ስትናገር፣ የተናገረችው ነገር ከዚህ በፊት ከተናገረችው ጋር ባይገጥምም፣ “ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?” አትበሏት። “ማን ወሰደሽ? የት ቤት ነበርሽ? ስልኩን ታውቂያለሽ?” ብላችሁ ጠይቋት፤ የነገረቻችሁን ጻፉት፤ እሷ ስትስማማ አብራችኋት ቀበሌ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ልጅ ልትወስድ የመጣችውንም “ዘመድ ናት” ብላችሁ አትለፏት፤ ሙሉ ስሟን፣ የምትኖርበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ ልጅቱ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ስም ጠይቋት፤ መልስ ከሌላት ልጅቱ አትሄድም። ለካህናቱ፣ ለሼኾቹና ለወንጌል አስተማሪዎቹ ደግሞ ልዩ ልመና አለኝ፤ የኦነሲሞስን ታሪክ ስታስተምሩ እናቱንም ጨምሩ፤ መሸጡ ወንጀል እንደነበረ በዚያው ቀን፣ በዚያው መድረክ ተናገሩ።